ያረፈ ሁሉ አልሞተም

ሰው ለሚወደው ፍጡር ምንም ባለማድረግ ፍቅሩን ሊገልጽለት ይችላል? ወይስ «ተውኩት» እና «ጣልኩት» የሚሉት ቃላት አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸውን የፈጠርነው ኅሊናችንን ለማስተኛት ብቻ ነው? ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ሰበብ የሆነኝ ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ አንድ የአበባ ሸክላ ነው።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ባልቴት ባሕር ማዶ ወደሚኖሩት ልጆቻቸው ለመሄድ ተነሥተው ዕቃቸውን ሲያከፋፍሉ፣ ለኔ የደረሰኝ አንድ ኦርኪድ ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት በሰፈራችን ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ሕንዳዊ መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለእሳቸው ትተውላቸው የሄዱት ነው። ሸክላው አፈር የለውም፤ የተሞላው በከሰል ስብርባሪና በዛፍ ቅርፊት ነው። ከውስጡ እንደ ቀጭን ሸንኮራ አንጓ አንጓ ያላቸው ሰባት አገዳዎች ወጥተዋል።

«ልጄ፣» አሉኝ እትዬ፣ ሸክላውን በጥቅምት ሲያስረክቡኝ፣ «ክረምቱን እንዳሻህ አጠጣው። ከኅዳር ሚካኤል እስከ ጥምቀት ግን እጅህን ሰብስብ። ቅጠሉ ይረግፋል፤ አገዳው ይጨማደዳል፤ ስታየው አንጀትህን ይበላዋል። ያን ጊዜ ያዘንክለት እንደሆነ አበባውን አታየውም።»

እሺ እትዬ አልኩ። ቃሌን ግን አልጠበቅሁም። ታኅሣሥ ሲገባ ቅጠሎቹ ቢጫ መሆን ያዙ፤ አንድ በአንድም ረገፉ። ከአገዳዎቹ ሁለቱ ጨርሰው ተራቆቱ። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ «ይኼ ነገር ደርቋል፤ አታጠጣውም እንዴ?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። የሰው አደራ ተቀብዬ በሁለት ወር ገደልኩት የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። ስለዚህ ሸክላውን ከበረንዳው አንሥቼ ወደ ሞቃቱ ሳሎን አስገባሁት፤ በየሁለት ቀኑ አጠጣሁት፤ ፍግ ጨመርኩለት፤ የተራቆቱት ሁለት አገዳዎች የሞቱ መስለውኝ በመቀስ ቆርጬ ጣልኳቸው።

በየካቲት ከአንጓዎቹ ላይ አረንጓዴ ጉጦች ብቅ ብቅ ሲሉ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አበባ መስሎኝ ነበራ! ቀናት ሲያልፉ ግን ጉጦቹ ቅጠል አወጡ፤ ቆየት ብለው ደግሞ ከግርጌያቸው ነጫጭ ክር መሰል ሥሮች ሰደዱ። ትንንሽ ተክሎች እንጂ አበቦች አልነበሩም። በዚያው ሰሞን ከቀሩት አገዳዎች አንዱ ከሥሩ ጠቁሮና ለስልሶ ወደቀ። በስልክ ስነግራቸው እትዬ ሳቁብኝ። «አላሳረፍከውማ!» አሉኝ።

የአነጋገራቸው ትርጉም የገባኝ የተክሉን ማንነት ካጣራሁ በኋላ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዴንድሮቢየም ኖቢሌ ይባላል። ዴንድሮቢየም ከግሪክ ቃላት የተሠራ ሲሆን በዛፍ ላይ የሚኖር እንደ ማለት ነው። የዛፉን ምግብ ግን አይቀማም፤ ቅርንጫፉን መቀመጫ ብቻ ያደርገዋል። የትውልድ ቦታው ከሂማላያ ግርጌ፣ ከኔፓልና ከሰሜን ሕንድ እስከ ደቡብ ቻይናና ቬትናም የተዘረጋው ተራራማ አገር ነው። እዚያ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይወርዳል፤ ከዚያ ዝናቡ ይቆምና ደረቅና ቀዝቃዛ ወራት ይከተላሉ። ይህን የሚያነብ የአዲስ አበባ ሰው የገዛ ክረምቱንና በጋውን የተረኩለት ቢመስለው አይፈረድበትም። ተክሉ ከሰፈራችን ጋር የተስማማው ለዚህ ነው።

በዝናቡ ወራት ተክሉ አዲስ አገዳ ያበቅላል፤ አገዳውንም በውኃና በምግብ ይሞላዋል። የመጨረሻዋ ቅጠል ከአገዳው ጫፍ ላይ ስትወጣ የዓመቱ ዕድገት አበቃ። ከዚያ በኋላ የሚሻው ብርሃን፣ ነፋሻ አየር፣ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ የሚል የሌሊት ቅዝቃዜና ድርቀት ነው። ለአበባ የሚያዘጋጀው ይኸው ብርድና ጥማት ነው። በዚያ ወቅት ሙቀትና ውኃ ያለ ልክ ያገኘ እንደሆነ ግን በአንጓው ላይ ያለው ጉጥ አበባ መሆኑን ይተውና ተክል ይሆናል። ኦርኪድ አብቃዮች እንዲህ ያለውን ቡቃያ ከሃዋይ ቋንቋ በተወሰደ ቃል «ኬኪ» ይሉታል፤ ሕፃን ማለት ነው። ውኃውም ቢሆን በከንቱ አይቀርም፤ ጉዳት ያደርሳል። የዚህ ተክል ሥር እንደ ስፖንጅ ያለ ልባስ አለው፤ ቶሎ ይጠጣል፤ በዚያው ልክ ቶሎ መድረቅና አየር ማግኘት አለበት። በማያድግበት ወቅት የተሰጠው ውኃ ጠጪ አጥቶ እላዩ ላይ ይቆማል፤ ሥሩን አየር ከልክሎ ያበሰብሰዋል።

ከሁሉም የቆጨኝ ሌላ ነው። ይህ ተክል የሚያብበው ቀደም ባሉት ዓመታት ባደጉትና ብዙውን ጊዜ ቅጠላቸውን በጣሉት አገዳዎች ላይ ነው። «ሞተዋል» ብዬ በመቀስ የቆረጥኳቸው ሁለቱ ለማበብ ከሁሉም ይበልጥ ተዘጋጅተው የነበሩት መሆን አለባቸው።

ይህ የኔ ብቻ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ለመጽሔት ባልበቃ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የእንግሊዝ ባለጸጎች ከሐሩር አገሮች በመርከብ የሚመጡ ኦርኪዶችን በውድ ዋጋ ይገዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 ስመ ጥሩው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ ለለንደን የአትክልት ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ተክሎቹ ከፍተኛ ሙቀት፣ ብዙ እርጥበትና ጥላ እንደሚያስፈልጋቸው አስተማረ። ነገሩ ለሰሚው ትክክል ይመስላል፤ ከሐሩር አገር የመጣ ተክል ሁልጊዜ ሙቀት፣ ሁልጊዜ ውኃ ቢፈልግ ምን ይገርማል? አትክልተኞቹም የመስተዋት ቤቶቻቸውን ዘግተው፣ እሳት አንድደው፣ ቤቱን በእንፋሎት አፈኑት። ተክሎቹ እየበሰበሱ አለቁ። እንግሊዝም የሐሩር ኦርኪዶች መቃብር ናት እስከ መባል ደረሰች። ኋላ ጆሴፍ ፓክስተን በቻትስወርዝ አየር አስገባላቸው፤ ሙቀቱንም ዝቅ አደረገላቸው። ጄምስ ቤትማን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1843 ስለ ሜክሲኮና ስለ ጓቴማላ ኦርኪዶች በ125 ቅጂ ብቻ ባሳተመው ግዙፍ መጽሐፍ ውስጥ ካሰፈራቸው የአያያዝ ደንቦች አንዱ ለተክሎቹ የዕረፍት ወቅት መስጠት የሚል ነበር።

ልብ እንበል፤ እነዚያ አትክልተኞች ጨካኞችም ሰነፎችም አልነበሩም። ሌሊት እየተነሡ እሳት የሚቆሰቁሱ ትጉሃን ነበሩ። ተክሎቹን የፈጀው ትጋታቸው ነው።

ለመሆኑ እኛስ ከዚህ ዕውቀት ያን ያህል እንርቃለን? ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች ባሳተሙት መጽሐፍ ከ160 የሚበልጡ ዝርያዎች በአገራችን እንደሚገኙ አሳይተውናል። በሣር መሬት ላይ ከሚበቅሉት ብዙዎቹ በዝናቡ ወራት ብቅ ብለው ያብቡና በበጋ ከገጸ ምድር ይጠፋሉ። ሳቲሪየም የሚባለው ወገን ከመሬት በታች ሁለት ድንች መሰል ሥሮች አሉት። አሮጌው የዘንድሮውን አበባ መግቦ ሲሟጠጥ አዲሱ ለከርሞ ይሞላል። የበጋው መንገደኛ በላዩ ተራምዶ ሲያልፍ ከጫማው ሥር ሕይወት እንዳለ አያውቅም። ቡናችንም ቢሆን እንዲሁ ነው። እንቡጡ በደረቁ ወራት ተኝቶ ይከርማል፤ ጥማቱን ከጠገበ በኋላ ዝናብ ሲነካው ሳምንት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ቅርንጫፉን ነጭ ያለብሰዋል። ገበሬያችንም ሳይዘራ የከረመውን መሬት «ጦም አደረ» ይለዋል። ቃሉ ቁጭት አለበት፤ ቢሆንም ጦም ሞት አይደለም፤ ጦም ፋሲካ አለው።

ይሁን እንጂ ቋንቋችን ራሱ የሚያስፈራን አንድ ቃል አለው። «አረፈ» ስንል ሁለት ነገር ነው። ሥራውን ጨርሶ ጋደም ያለው ሰው አረፈ ይባላል፤ የሞተውም አረፈ ይባላል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም አይናገሩም፤ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። እኛም የምንወደው ሰው ዝም ባለ ቁጥር የምንደነግጠው የትኛው እንደሆነ ስለማናውቅ ነው። ስንደነግጥ ደግሞ እጃችን ውኃ ወዳለበት ይሮጣል።

እዚህ ላይ ከአበባው ወጥቼ ስለ ሰው ልናገር። እናታችን ካረፈች በኋላ ታናሽ ወንድሜ ዝም አለ። ሥራውን ተወ፤ ክፍሉን ዘጋ። እኔ ታላቅ ነኝና ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። ጓደኞቹን ጠርቼ አስከበብኩት፤ ማመልከቻ ጽፌ ሥራ ፈለግሁለት፤ ጠዋት «ተነሣ»፣ ማታ «ተጫወት» አልኩት። ባይበላ ተቈጣሁ፤ ቢበላ «አየህ፣ እንዲህ ይሻላል» አልኩ። እውነትም ሥራ ገባ። ከረባት አሠረ፤ ከሰው ጋር ሳቀ፤ ዘመድ ሁሉ «ተመስገን፣ ተሻለው» አለ። ሦስት ወር ሳይሞላው ሥራውን ለቀቀ፤ እኔንም መሸሽ ጀመረ። በመጨረሻ ሻንጣውን ይዞ ገጠር አክስታችን ዘንድ ገባ። በየካቲት አበባ መስለውኝ የተደሰትኩባቸውን ጉጦች ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ያ ከረባት ነው።

አክስታችን ዘንድ አንድ ክረምት ከርሞ በራሱ ጊዜ መናገር ጀመረ። መጀመሪያ የተናገረውም ስለ እናታችን ነው። አክስቴን ምን እንዳደረገችለት ጠየቅኋት። «ምንም» አለችኝ። «ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጌ አየዋለሁ። ቡና ሳፈላ መጥቶ ከጎኔ ይቀመጣል። አልጠየቅሁትም።»

ነገሬን እዚህ ብጨርሰው ያምር ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም። «ተዉት፣ ይተኛ፣ ሲወጣለት ይነሣል» የተባለለት ሌላ ሰው አውቃለሁ። አብረን የሠራን ባልደረባዬ ነበር። እርሱም ዝም አለ፤ እርሱም ክፍሉን ዘጋ። የእርሱ ዝምታ ግን በሽታ ነበር፤ የሚያስፈልገውም ሐኪም ነበር። ዘመዶቹ ደርሰው በሩን ሲያስከፍቱ ረፍዶ ነበር። ከቀብሩ ስንመለስ «ዕረፍት የሚሻ መስሎን እኮ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ይህን የሰማ ሰው ማረፍን ቢያመሰግን ምላሱ ይተሳሰራል። እኔ ወንድሜን በማጨናነቅ ከቤት አባረርኩት፤ እነርሱ ልጃቸውን በመተው አጡት። ታዲያ የትኛው ስሕተት ይከፋል? ውኃው ከበዛ አገዳው አንድ ዓመት አበባ ይነሣል፤ የሰው ልጅ ግን ሁልጊዜ ሌላ ዓመት የለውም።

ስለዚህ ጥያቄው «እንስጥ ወይስ እንተው?» የሚል ሊሆን አይገባውም። የሚቀድመው «በምን እናውቃለን?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የእትዬ ኦርኪድ ያስተማረኝ ነገር አለ። ያረፈና የሞተ አገዳ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለጣት ግን አይመሳሰሉም። ያረፈው ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ቢጨማደድም ውስጡ ይመልሳል። የበሰበሰው ይለሰልሳል፤ ይጠቁራል፤ ይሸታል። ከልክ በላይ የተጨማደደውን ደግሞ ጠዋት ጥቂት ውኃ ማቅመስ ተገቢ ነው፤ እንቡጦቹ በግልጽ መውጣት ሲጀምሩም ውኃው ቀስ በቀስ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ግን አጠገቡ መገኘት፣ በየጊዜውም እየዳሰሱ ማየት ያስፈልጋል። በዕረፍቱ ወራት የሚቋረጠው ውኃው ብቻ ነው፤ ብርሃኑ፣ አየሩና ጥበቃው አይቋረጡም።

በመተውና በመጣል መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ይመስለኛል። የሰጡት ነገር ቢለካ ሁለቱም ምንም አልሰጡም። የተወው ግን ይጎበኛል፤ የጣለው አይጎበኝም። አክስቴ «ምንም» ብትለኝም በየጠዋቱ በሩን ገርበብ ታደርግ ነበር። የባልደረባዬ በር ሳይነካ የቆየው ለቀናት ነው። ወንድሜን ያዳነው ዝምታ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባልደረባዬም በዳነ ነበር።

መስጠት ከመጠበቅ ይልቅ ቀላል መሆኑንም መካድ የለብንም። ውኃ ያጠጣ ሰው ግዴታውን ተወጥቶ ይተኛል፤ የሚጠብቅ ሰው ግን ጥርጣሬውን ታቅፎ ያድራል። አሁን ሳስበው፣ ያን ታኅሣሥ ውኃ ባጠጣሁ ቁጥር የረካው ጥማት የተክሉ ሳይሆን የኔ ነበር። ለወንድሜ የጻፍኩት ማመልከቻም እንደዚሁ።

«ባህላችን ሐዘንተኛን ብቻውን አይተውም፤ አንተ ደግሞ ዝምታን ትሰብካለህ» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፣ አይተውም። ግን ለቅሶ ቤት ምን እንደምናደርግ እናስታውስ። እንገባለን፤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» እንላለን፤ እንቀመጣለን። ሐዘንተኛው እንዲያጫውተን አንጠብቅም። ጥቂት ቆይተን ብድግ እንላለን፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ያ መቀመጥ ከንግግር ሁሉ የሚበልጥ ጉብኝት ነው። አባቶቻችን ያስቀሩልን ጥበብ ይኸው ነበር። የኛ ጥፋት ድንኳኑ ሲነሣ ሁለት ቦታ መከፈላችን ነው፤ ግማሻችን ጠፍተን እንቀራለን፤ ግማሻችን ምክር ተሸክመን እንመጣለን።

ይህ ነገር በተለይ ለአዲስ መጤ ይሠራል። ኦርኪድ ገዝቶ ወይም በስጦታ አግኝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ጊዜ ላጠጣው?» ብሎ አይደለም፤ «በዓመቱ የት ደርሷል?» ብሎ ነው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካለ አገር የመጣ ተክል ወራቱ ከሰሜኑ የተገለበጡ ናቸው፤ የኛን የዘመን መቁጠሪያ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ተኝቶ ሳለ ሸክላ መቀየርም አይገባም፤ አዲስ ሥር ሊሰድ ሲል ይቀየራል። ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የሚመጡት ካታሴተም የሚባሉት ኦርኪዶች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። ከእንቅልፋቸው ነቅተው ቡቃያ ካወጡ በኋላ እንኳ፣ አዲሱ ሥራቸው ወደ 10 ሴንቲሜትር እስኪረዝም ውኃ ባይሰጣቸው ይመረጣል። ቡቃያውን አይቶ የቸኮለ ሰው መጠጫ ሥር ለሌለው ፍጡር ውኃ ያፈሳል።

ከዐረብ አገር የተመለሰች እኅታችን ሻንጣዋን ሳትፈታ «ምን ይዘሽ መጣሽ? ምን ልትሠሪ አሰብሽ? መቼ ልታገቢ ነው?» ስንላት የምናደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ስትስቅ ካየናትማ ወዲያው ሸክም እንጭናለን። ሳቋ ገና ቡቃያ ነው፤ ሥሩ መርዘሙን ማን አየ?

የእትዬ ሸክላ ዘንድሮ በታኅሣሥ በረንዳው ላይ ነው። ክረምቱን ጠጥቶ ሁለት አዳዲስ አገዳ አብቅሏል፤ ከአሮጌዎቹ ሦስቱ ቅጠላቸውን ጥለዋል። መቀሱን ደብቄዋለሁ። ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ውኃ አልሰጠሁትም። ያብብ እንደሆነ ገና አላውቅም፤ ያለፈው ዓመት በደሌ ቂም ትቶበት ሊሆን ይችላል። ሰዎች «ምን ሆነ?» ሲሉኝ «አርፏል» እላለሁ። «ነፍስ ይማር» ብለው የሚስቁብኝ አሉ።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ከገጠር መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ብዙ አላወራንም። ቆይቶ ወደ ሸክላው ጎንበስ አለና ከተራቆቱት አገዳዎች አንዱን በሁለት ጣቶቹ ጫን አድርጎ ያዘው።

«ጠንካራ ነው» አለ።

ቡናው ቀረበ። ሌላ አልጠየቅሁትም።